ሌባ የሚያውቀው ሽቦ

ሰው ቤት ስገባ፣ ገና ቁጭ በይ ሳልባል፣ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። የመብራቱ ሽቦ በየት ገብቶ በየት እንደሚያልፍ ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ቤት መስመር ስዘረጋና ስመረምር ስለኖርኩ ልጆቼ የሥራ ልማድ ነው ይሉኛል። እነሱ ልማድ ይበሉት እንጂ እኔ ንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። የጀመረው ወልቂጤ፣ አባቴ ቤት፣ በ1963 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበርና እንኳን ልናደድ፣ የተፈረደው ፍርድ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሱቁን ከጓዳው የሚለየው ግድግዳም ቆርቆሮ። ከእኛ ዝቅ ብሎ የነበረው የወፍጮ ቤት ሞተር እህል እየፈጨ ጎን ለጎን ኮረንቲ ያመነጫል። ያን ኮረንቲ ያስገቡት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አባቴ ከእነሱ አንዱ በመሆኑ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር አንድ ትልቅ ራዲዮ አስቀምጦ ሞተሩ ሲነሳ ይከፍተዋል። የገበያ ቀን ሰው ከነሸክሙ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ የቆመ ሰው ደግሞ ጨው ወይ ጋዝ ሳይገዛ አይሄድም።

መስመሩን የዘረጋልን ሀቢቡ የሚባል የወፍጮው ሞተረኛ ነበር። የቡታጅራ ሰው ነው፤ ሥራውን መርካቶ ነው የተማረው። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ፒንሳና ካቻቪቴ ከኮቱ ኪስ የማይለዩት ሰው ነበር። ሽቦው ከውጭ ገብቶ መጀመሪያ ሱቁ ግድግዳ ላይ ወደተመታች ነጭ የሸክላ ዕቃ ይሄዳል፤ ቫልቮላ ትባላለች። በውስጧ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ሽቦ አለ። ኮረንቲው ከልኩ ሲያልፍ ያ ቀጭን ሽቦ ይቀልጥና የቤቱን መብራት ሁሉ ያጠፋል። ከቫልቮላዋ የወጣው ሽቦ ደግሞ የቆርቆሮውን ግድግዳ በቀዳዳ አልፎ ወደ ጓዳችን ይገባል። ቀዳዳውን የበሳው አባቴ ራሱ ነበር፣ በምስማርና በመዶሻ፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለ ነበር።

ሀቢቡ ቀዳዳው ውስጥ ቱቦ ይግባ አለ። ቱቦ ከጠፋም ከጓሯችን አንድ አንጓ ሸምበቆ ይቆረጥና ሽቦው በውስጡ ይለፍ አለ። አባቴ ሳቀበት፤ ኮረንቲ ያስገባሁት ቤቴን የገጠር ጎጆ ላስመስል ነው ወይ አለው። ሀቢቡ፣ ቆርቆሮው ውሎ አድሮ ሽቦውን ይበላዋል ሲል ሰማሁና ቆርቆሮው ጥርስ ያለው መስሎኝ ቀዳዳውን ከሩቅ ሳጮልቅ ሰነበትኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ አንጓ ሸምበቆ ነው የተጠየቀው። በጓሯችን ሞልቶ ተርፎ፣ ፍየል የሚበላው ሸምበቆ!

መብራቱ በገባ ሰሞን አባቴ የቤቱን ሰው ሱቅ ውስጥ ሰበሰበ፤ እናቴን ተናኘወርቅን፣ የቤት ሠራተኛችንን ውድነሽንና እኔን። በአገራችን የመብረቅ ጌታ ቦዠ ነው፤ የሚመታውም ሌባ ነው ይባላል። እኛ ቤት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተሰቅሏል፣ ጾሙም ይጾማል፤ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ግን እናቴ አማትባ ስታበቃ የተዋሰችው የጎረቤት ዕቃ ቤቷ ቀርቶ እንደሆነ ዞር ዞር ብላ ታይ ነበር። አባቴ ይህን ያውቃል። ሽቦውን በጣቱ እያሳየ፣ «ይኼ ሞተሩ የያዘው ቦዠ ነው። እጁ ንጹሕ የሆነ ምንም አይሆንም። ከዚህ ሱቅ አንዲት ፍሬ ስኳር ያነሳን ሰው ግን ሽቦው ያውቀዋል» አለ። ሲናገር ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። ለደንበኞቹም እየደጋገመ ነገራቸውና ወሬው ገበያውን ሞላው።

እሱ ራሱ አላመነበትም። አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ፣ ኮረንቲ ምን እንደሆነ ሀቢቡን ጠይቆ የተረዳ ሰው ነው። ለስኳሩ ዘበኛ አስፈለገውና የአያቶቹን አምላክ በነጻ ቀጠረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኔ ግን አመንኩ። ክፋቱ፣ ስኳሩን የምሰርቀው እኔ ነበርኩ። ከጆንያው በእፍኜ እየዘገንኩ በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ ከጓሮ እልሰዋለሁ። ከአባቴ ንግግር በኋላ አራት ቀን ጾምኩ። በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ ዘገንኩ። ከዚያ የሚመጣው ይምጣ ብዬ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ እጄን ለጠፍኩ። ምንም አልሆንኩም። ቦዠ ልጅ አይመታም፣ ወይም የባለቤቱን ልጅ ይምራል ብዬ ደመደምኩ። ያን ቀን ሽቦው ገና አልተላጠም ነበር፤ ቢላጥም ደረቅ ወለል ላይ ቆሜ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርጌ ነበርና ይምረኝ ነበር። ኮረንቲ ሌባና ንጹሕ ለይቶ አያውቅም። የሚለየው ጫማ ያለውን ከባዶ እግሩ ነው።

ውድነሽ ባዶ እግሯን ነበረች። ሃያ ዓመት ቢያልፋት በትንሽ ነው። ከእምድብር በኩል፣ ባሏ ሞቶባት፣ የሁለት ዓመት ልጇን ተረፈን አዝላ መጥታ ነበር እኛ ቤት የገባችው። ፀጉሬን የምትሠራው እሷ፣ የቆጮውን ጠርዝ ደብቃ የምታቆይልኝ እሷ ናት። ሳለቅስ ልታስቀኝ ስትፈልግ ልብስ እያሰጣች እንኳ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ትጨፍርልኝ ነበር። አዲዬ ትለኛለች፤ ስሜ አደይ ነው።

ነሐሴ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቫልቮላዋ ትቃጠል፣ ራዲዮው ጸጥ ይል ጀመር። ሀቢቡ ይመጣል፣ ቀጭኑን ሽቦ ይቀይራል፣ በማግስቱ ደግሞ ይቃጠላል። በሦስተኛው ጊዜ ሳጥን ላይ ወጥቶ ሲያይ ያለው ደርሷል፤ በቀዳዳው ጠርዝ ሽቦው ልባሱ ተልጦ ቆርቆሮውን ነክቷል። ለጊዜው ናስትሮ በሚባለው የሚጣበቅ የሽቦ ፕላስተር ጠቀለለው፤ ቆርቆሮው ግን በነፋስ ሲንቀጠቀጥ ናስትሮውንም ቀደደው። አባቴ ጥፋቱን በቫልቮላዋ ላይ ጣለ፤ ደካማ ዕቃ ነው ያመጣህብኝ አለው።

«ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፣ ስትቃጠል እየነገረችዎት ነው» አለ ሀቢቡ። «ኮረንቲው ጣሪያው ላይ ወጥቷል። በአሸንዳው ወርዶ ከሥሩ ባለው የውሃ በርሜል በኩል እርጥብ መሬት ሲያገኝ ነው የምትቃጠለው። ሁለት ቀን ይስጡኝ፣ ሽቦውን ልቀይር። እስከዚያ ድረስ ኮረንቲውን አይክፈቱት።»

ሁለት ቀን። አባቴ ሁለት ቀን ሊሰጠው አልቻለም፤ መስቀል ደርሷላ! ለመስቀል አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ሁሉ ጭነቱን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል፤ መኪናው በእኛ በር ነው የሚያልፈው። የመርካቶ ነጋዴዎች ወርደው ራዲዮው ሞቶ ሊያዩት ነው? ከመስቀል በኋላ እናየዋለን አለው። ዝናቡ ግን መስቀልን አልጠበቀም። ቫልቮላዋ እንደገና ስትቃጠል አባቴ ሀቢቡን አልጠራም። ከሚሸጠው ምስማር አንድ አነሳና በቀጭኑ ሽቦ ቦታ ሰነቀረው። ምስማር አይቀልጥም። ራዲዮው በዝናብም በፀሐይም ይዘፍን ጀመር፤ አባቴ መድኃኒቱን አገኘሁለት ብሎ በራሱ ሲደሰት አየሁ።

ሀቢቡ ራዲዮው በዝናብ ሲዘፍን ሰምቶ ገባ። ቫልቮላዋን ከፍቶ ምስማሩን ሲያይ ያ ዝግ ያለ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። ውድነሽ ወለሉን እየጠረገች፣ እኔ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጬ ነበር። ይኼ ምስማር ሰው ይገድላል፣ እሱ እዚህ እስካለ ድረስ ቆርቆሮውን የነካ፣ ከቆርቆሮው ጋር የታሰረ ነገር የነካ ሁሉ ኮረንቲው ይይዘዋል አለ። አባቴ ሂድ ሞተርህን ጠብቅ፣ ዳግመኛ ደጄ እንዳትረግጥ ብሎ አስወጣው። እኔ ምስማሩ ተወርውሮ የሚወጋን መስሎኝ ከባንኮኒው ሥር አልወጣም አልኩ። ውድነሽ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ተደብቄ ስዘግን ውድነሽ ገባች። ግራ ቀኝ አይታ የጋዝ ሳጥን ላይ ወጣችና ከግድግዳው አንድ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ነገር መዝዛ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች። ውድነሽም ትሰርቃለች! እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሌባው እኔ ብቻ አልነበርኩም።

እሷ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ተነሳ፤ ራዲዮው ግን አልተነፈሰም። አባቴ ቫልቮላዋን ከፈተ፣ ባዶ ሆና አገኛት። ማንንም አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ ምን ጠፋብህ ይባላላ። ጥርሱን ነክሶ ሁለተኛ ምስማር አነሳና በቦታው አስገባ። ራዲዮው ዘፈነ። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱንም ከሌላው ጋር አላገናኘሁትም።

ቀትር ላይ ካፊያው ሲያባራ ውድነሽ በጓሮ በር ተመለሰች። የልብስ ማስጫችን ወፍራም የብረት ሽቦ ነበር፤ አንዱ ጫፉ ከጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሌላው ከባሕር ዛፍ እንጨት ጋር ታስሯል። በገበያው ጫጫታ ራዲዮው ከጓሮ አይሰማም። ምስማሩ መቀነቷ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ምንም አልፈራችም። በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ፣ የአባቴን እርጥብ ጋቢ በትከሻዋ እንደተሸከመች፣ ሽቦውን ለማቅናት ጨበጠችው።

ድምፅ አላወጣችም። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ሄደ፣ እግሯ መሬቱን ደበደበ። እኔ የጓዳው በር ላይ ነበርኩ። የምትጨፍርልኝ መሰለኝና ሳቅኩ። እጄን እያጨበጨብኩ ሳቅኩ። ሽቦው በእሷና በጋቢው ክብደት እስኪበጠስ ድረስ ስስቅ ነበር። እናቴ ስትጮህ ነው ያቆምኩት።

አልሞተችም። መዳፏ ግን ተጠብሶ ነበር፤ ጣቶቿ እንደጨበጡ ቀሩ። ገበያተኛው አጥሩን ጥሶ ገባ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ነጎድጓድም ማንም አልሰማም። እንግዲያ ምን መታት? ከሰዉ መሀል አንዱ የቦዠን ስም ጠራ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት የፈለገ አልነበረም። ሀብተጊዮርጊስ ነግሮናል፣ ሽቦው ሌባ ያውቃል። እናቴ ልብሷን ልታላላላት መቀነቷን ስትፈታ ምስማሩ ዱብ አለ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ጓሯችን ውስጥ ተቀመጡ። የሚመሩት አቶ ዱባለ የሚባሉ፣ ማንም ክፉ የማይላቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እኔን ጠሩና ያየሁትን እንድናገር ጠየቁኝ። ጠዋት ከሱቁ ግድግዳ አንድ ነገር መዝዛ ስትደብቅ አየሁ አልኩ። ስኳር ሲጎድል የሰነበተውስ በእሷ ነው ወይ አሉኝ። በአፌ አልመለስኩም፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ይህቺን መነቅነቅ ልጅ ነበርኩ ብዬ አላልፋትም።

ውድነሽ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ምስማሩን ያወጣሁት ሰው እንዳይሞት ነው፣ ሞተረኛው ሲናገር ሰምቼ ነው አለች። አቶ ዱባለ ምስማሩን በመዳፋቸው ይዘው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሀብተጊዮርጊስ፣ ይኼ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ አባቴ።

ወደ ውድነሽ ተመለሱ። «ልጄ፣ አንቺ እንዳልሽው ሞት ያለው በዚህ ምስማር ከሆነ፣ ምስማሩ መቀነትሽ ውስጥ ነበር። ታዲያ የመታሽ ምንድን ነው?»

መልሱ ያለው ከእሷ ዘንድ ሳይሆን ከአባቴ ጋር ነበር፤ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ሸክላዋ ውስጥ። ሁለተኛ ምስማር አስገብቻለሁ ቢል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አላለም። የሰው አካል ያጎደለ እንደ አገሩ ሕግ በሽማግሌ ፊት ይቆማልና ለራሱ ፈራ። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ መሬት መሬት አየ።

ሀቢቡ ማንም ሳይጠራው መጣ። ቫልቮላዋ ተከፍታ ትታይ፣ ሌላ ምንም አልልም አለ። አቶ ዱባለ ሊነሱ ብለው ነበር፤ አሁን ድረስ ጉልበታቸውን ሲደግፉ ይታየኛል። ያን ጊዜ አባቴ፣ «ቦዠ ያለበትን ዕቃ የምትከፍቱ ከሆነ ክፈቱ። እኔ ግን የለሁበትም» አለ። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ሌላም የተነሳ የለም። ሀቢቡን ሽቦውን የዘረጋኸው አንተ ስለሆንክ የራስህን ጥፋት ልትሸፍን ነው ብለው መለሱት። በዚያው ዓመት ከወልቂጤ ለቆ ሄደ።

ቦዠ የመታውን ሰው ቤቱ የሚያስገባ አይገኝም ነበር። ውድነሽ ተረፈን በአንድ እጇ አዝላ፣ በጥርሷ የአንቀልባውን ጫፍ እየሳበች፣ በጓሮ በር ወጣች። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ እፎይ ብዬ ነበር፤ የተገኘው ሌባ እኔ አልነበርኩማ።

መስቀል አለፈ። ራዲዮው ዘፈነ፣ የመርካቶ ሰዎች አደነቁ። በጥቅምት አባቴ ከሌላ ከተማ ሠራተኛ አስመጥቶ ሽቦውን አስቀየረ፣ አዲስ ቫልቮላ አስገባ። ቀዳዳው ውስጥ አንድ አንጓ ሸምበቆ ተሰካበት። ሸምበቆውን ከጓሮ ቆርጦ ያቀበለው ራሱ አባቴ ነው። እየቀባጠርኩ አጠገቡ ቆሜ አየሁት።

እውነቱ የገባኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ትምህርት ስማር ነው። አስተማሪያችን የተቃጠለ ቫልቮላ ይዞ መጣ። ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ላሳያችሁ ብሎ በቀጭኑ ሽቦ ቦታ ምስማር ሰካበት። ቫልቮላ ሲቃጠል ጥፋቱን ሳትፈልጉ አትመልሱት፣ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው አለ። ክፍሉ ማስታወሻ ሲጽፍ እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወልቂጤ ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፣ ሱቁ ግማሹ ተዘግቷል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ያኔ ማን ያውቅ ነበር አለኝ። ሀቢቡ ነግሮህ ነበር፣ እኔ ባንኮኒው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ አልኩት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ቀኖናዬንም ጨርሻለሁ» አለኝ። በዚያ መልስ እንዴት እንደተናደድኩ እስከ ዛሬ የምናገርበት ቃል አላገኘሁም። ለንስሐ አባቱ ነግሯል! ጾሟል፣ ሰግዷል፣ ከእግዜር ጋር ታርቋል። ለውድነሽ ለመንገር ግን የግማሽ ቀን መንገድ በዛበት። ሲሞት መብራት ያስገባልን ሰው ብለው አለቀሱለት።

እሱን ስወቅስ ራሴን ልተው አልችልም። እኔም ያን ቀን ልፈልጋት አልሄድኩም። የት እንዳለች አላውቅም እል ነበር፤ አልጠየቅኩማ! ስኳሩን መናገር ፈርቼ፣ ራሴን መነቅነቄን መናገር ፈርቼ፣ ሥራ በዛብኝ፣ ልጅ ወለድኩ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ገፋሁ። ጉብሬ እንደምትኖር የሰማሁት በ2003 ዓ.ም. በአንድ ለቅሶ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ምክንያት አለቀብኝ።

ልጇ ተረፈ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ደህና ቤት ሠርቶላታል። መብራት አለ። ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ነው፣ ጥሩ ተሠርቷል። ማብሪያ ማጥፊያውን እሷ በሕይወቷ ነክታው እንደማታውቅ በኋላ ነገሩኝ፤ የሚያበራላት ሰው ከሌለ በጨለማ ትቀመጣለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። የቀኝ እጇ ጣቶች እንደጨበጡ ናቸው። ስሜን ስነግራት በግራ እጇ ፊቴን ዳሰሰችኝና አዲዬ አለችኝ።

የምናገረውን መንገድ ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። እሷ ቀደመችኝ።

«አባትሽን አልተቀየምኩትም፣ ነፍሱን ይማረው» አለች። «ሰርቄ ነበር እኮ። ምስማሩን አውጥቼ እንኳ ሲመታኝ፣ ምን ሰርቄ ነው ብዬ ሳስብ ከርሜ አገኘሁት። ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ቅል አንዲት ጉማጅ ቅቤ በልቻለሁ። እሷ ናት ያስመታችኝ። ለአክስቴ ልጆች እጥፉን መለስኩ።»

ተናደድኩ። አባቴ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ላይ፣ ራሴ ላይ። ያቺ ሴት አርባ ዓመት ሙሉ በገዛ ራሷ ላይ ስትፈርድ ኖራለች፤ ለአንዲት ጉማጅ ቅቤ! ውሸቱ ከእሷ ውጭ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ሆዷ ድረስ ገብቶ ቤቱን ሠርቷል። ሁሉንም ነገርኳት። ሽቦው መላጡን፣ ኮረንቲው ቆርቆሮው ላይ መውጣቱን፣ አንቺ ወንዝ ስትወርጂ አባቴ ሌላ ምስማር ማስገባቱን።

«ሌላ ምስማር?» አለች።

«ሌላ። እኔ እያየሁት።»

«ሽማግሌዎቹ የመታሽ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ አባትሽ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

እጇን አየች። የታጠፉትን ጣቶች በሌላው እጇ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ስኳሩን የሰረቅኩት እኔ ነኝ ብዬ ያንንም ነገርኳት። እሱንስ አውቃለሁ አለችኝ፤ ከንፈርሽ ላይ አየው ነበር። ታዲያ ለምን ያን ቀን አልተናገርሽም አልኳት።

«ልጅ ነሽ እኮ። ስምሽን ካነሳሁ ሽቦው አንቺንም ይመታሻል ብዬ ፈራሁ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲጠቁር አየሁት። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልተቀየምኳትም። ስለ አባቴ አልተቀየምኩትም ያለችውንም ቃል ያን ቀን ዳግመኛ አልደገመችውም።

ተረፈ ከሥራ ሲገባ አስቀመጠችው። ጎልማሳ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ያጫት ልጅ ቤተሰቦች የቦዠ ምት ልጅ ብለው ከልክለውታል፣ ያገባውም ማንም ከማያውቀው አገር ነው። አደይ ትንገርህ አለችው። እሱ የእናቱን ፊት አይቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ገምቷል መሰለኝ ዓይኑ ደከመ።

«አሁን ምን ያደርጋል?» አለ። «የፈረዱት ሁሉ ሞተዋል። ማን ሊሰማው ነው?»

«ሁሉ አልሞቱም» አለች ውድነሽ። «ከፈረዱብኝ አንዷ እኔ ነኝ፤ እኔ አለሁ።» ወደ እኔ ተጠጋች። «ከመጀመሪያው ንገሪ። የአባትሽን ስም እየጠራሽ፣ ሳታልፊው።»

የአባቴ ስም ሀብተጊዮርጊስ ነው ብዬ ጀመርኩ።